የቡታጅራ መዝገብና የኡሜኦ ተማሪዎች

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አውሮፓ መሄድ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ19ኛው መቶ ዓመት በስዊድን አገር በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1894 ወደ ስዊስ አገር ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ የመድፈኛነት ትምህርት ቀስመዋል። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው ተማሪ ቍጥሩ እየበዛ፣ የሚማረውም የሙያ ዐይነት እየሰፋ መጥቷል። ስለዚህ ጉዞ ሲጻፍ ታዲያ ዘወትር የሚጠየቀው «ተማሪው ከዚያ ምን ይዞ ተመለሰ?» የሚለው ነው። «ከዚህስ ምን ይዞ ሄደ?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ የጤና ባለሙያውን ይመለከተዋል። ድልድይ በስዊድንም ሆነ በኢትዮጵያ የሚቆመው በአንድ ዐይነት የሒሳብ ሕግ ነው። በሽታ ግን እንደ አገሩ አየር፣ እንደ ውሃው፣ እንደ ሕዝቡ ኑሮ ይለያያል። በአውሮፓ ሆስፒታል የአውሮፓን ሕመምተኛ ብቻ እያየ የተማረ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው፣ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ስሙ እንኳ ያልተነሣ ችግር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በሰው አገር እየተማሩ የራስን አገር ለማወቅ የሚቻልበት መንገድ አለን? ከ1979 ዓ.ም ጀምሮ በቡታጅራ የተሠራው ሥራ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው።

የሚወጣና የሚመለስ ሰው አገር

ጉራጌ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሠርቶ መመለስን የለመደ ሕዝብ ነው። ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ተነሥቶ በአዲስ አበባ መርካቶ የከተመው ነጋዴ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዐረፋ ወደ ትውልድ መንደሩ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ለወላጆቹና ለዘመዶቹ ይዞ ይደርሳል፤ በዚያውም የመንደሩን ጉዳይ ይሰማል፣ ይመክራል፣ ይሸመግላል። እንዲህ ባለው ልማድ የሰው መውጣት የሚመዘነው በአመላለሱ ነው።

በወልቂጤ በኩል፣ ከእንድብር አካባቢ የተነሡት ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ለዚህ ልማድ በብዕር ምሳሌ ይሆናሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በፈረንሣይና በአሜሪካ ተምረዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ግን ስለ ባሕር ማዶ የሚናገር አይደለም። በቸሃ ጉራግኛ፣ ስለ ጉራጌ መንደር ኑሮ የተጻፈ ነው። ጽሑፉም በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት «የሽነጋ መንደር» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል።

በቡታጅራ በኩል የታየው ከዚህ በመልኩ ይለያል። የቡታጅራ መንደሮች የተጻፉት በልብ ወለድ ሳይሆን በመዝገብ ነው። መዝገቡም ከአንድ ተማሪ የሚበልጡ ሐኪሞችንና የጤና ተመራማሪዎችን ወደ ሰሜን አውሮፓ እያመላለሰ አስተምሯል።

መዝገቡ እንዴት ተከፈተ

የሐሳቡ ምንጭ ከቡታጅራ በፊት በአዲስ አበባ ይገኛል። ላርስ ፍሬይና ስቲግ ዎል የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በቂርቆስ ሰፈር የሕፃናትን ጤንነት ከቤተ ሰባቸው የኑሮ ሁኔታ ጋር አያይዘው በመመርመር፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳትመው ነበር። የእንዲህ ያለው ጥናት መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። ሕፃን የሚታመመው በቤቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሞተውም በዚያው ነው። ወደ ሆስፒታል የሚመጣውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሳይመጣ የቀረውን ሊያውቀው አይችልም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የኤፒዴሚዮሎጂ ክፍል ይህን አስተሳሰብ ወደ ገጠር ለመውሰድ ተባበሩ። ሳሬክ የተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት በገንዘብ ረዳ። የተመረጠውም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፣ ያን ጊዜ በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር የነበረው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ ነው። ወረዳው ከስምጥ ሸለቆ ወለል ተነሥቶ እስከ ጉራጌ ተራሮች ይዘልቅ ስለነበር፣ ወባ የሚያጠቃው ቆላና እንሰት የሚለማበት ደጋ በአንድነት ይገኙበታል። ሕዝቡም በገበሬነትና በንግድ፣ በበርበሬና በጫት ምርት ይተዳደራል።

ከወረዳው 9 የገበሬ ማኅበራትና 1 የከተማ ቀበሌ በናሙናነት ተመርጠው ነዋሪዎቻቸው ቤት ለቤት ተቆጠሩ። ከ1987 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የተወለደው፣ የሞተው፣ ወደ ቀበሌው የገባውና ከቀበሌው የወጣው ሰው በየወሩ ይመዘገብ ጀመር። ዛሬ ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ የቡታጅራ መዝገብ ምን ያህል እንደቀደመ ይገባዋል። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥም መዝገቡ አልታጠፈም። ኋላ የወጡት ጥናቶች ከ1987 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ያለውን ዐሥር ዓመት በተከታታይ ሊመረምሩ የቻሉትም ስለዚህ ነው።

የሥራው ክብደት ያረፈው ከቤት ወደ ቤት በሚዞሩት መዝጋቢዎች ላይ ነበር። ሞት በተገኘበት ቤት ሐዘንተኛዋ እናት ልጇ እንዴት እንደታመመ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረው፣ ትንፋሹ ስንት ቀን እንዳስቸገረው ትጠየቃለች። ከመልሷ ተነሥቶም ለሞቱ ምክንያት የሆነው በሽታ ይገመታል። ሐኪም ሳያየው ስለሞተ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ለጠያቂም ለተጠያቂም ከባድ ነው። መዝጋቢው ቅጹን ሞልቶ ሲወጣ ሐዘኑ በቤቱ ይቀራል። ስለሆነም የቡታጅራ ታሪክ ሲመረመር ሊዘነጋ የማይገባው ጥያቄ፣ ከዚያች እናት የተወሰደው ቃል የት ደረሰ የሚለው ነው።

ብርሃኑ አጭር የሆነ ከተማ

ቃሉ በመጀመሪያ የደረሰው ኡሜኦ ነው። ኡሜኦ ከስቶክሆልም በስተሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኡሜ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 በእሳት ከወደመች በኋላ እንደገና ስትሠራ በየጎዳናው የበርች ዛፍ ስለተተከለ «የበርች ከተማ» እየተባለች ትጠራለች። ዩኒቨርሲቲዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 በመሆኑ፣ በ1950 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ከተጀመረው ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በዕድሜ ያንሳል።

ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ እኩል ለመሆን ጥቂት ከሚቀረው አገር ለሄደ ሰው የኡሜኦ ክረምት ራሱ ትምህርት ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከአምስት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ብቻ ታይታ ትጠልቃለች። ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ጨለማ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሲወጣም ጨለማ ነው። በሰኔ ደግሞ በአንጻሩ ሌሊቱ በቅጡ ሳይጨልም ይነጋል። በዚህ አገር ስዊድኖች «ፊካ» የሚሉት፣ ሥራ አቁመው በአንድነት ቡና የሚጠጡበት ሰዓት አላቸው። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ቡናን ከጎረቤት ጋር መጠጣት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የትምህርቱ አደረጃጀት ግን ከተለመደው የውጭ አገር ትምህርት የተለየ ነበር። በተለመደው አሠራር ተማሪው አገሩን ለቅቆ ሄዶ፣ በሰው ቤተ ሙከራ የሰውን ጥያቄ እየመረመረ ዓመታት ያሳልፋል። በቡታጅራው አሠራር ግን የምርምሩ ሜዳ ቡታጅራ ሆኖ፣ ኡሜኦ የተገኘውን መረጃ የመተንተኛ፣ የመወያያና የመጻፊያ ሥፍራ ሆነ። ተማሪው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። አማካሪዎቹ ከስዊድንም ከኢትዮጵያም ናቸው። ቤተ ሰቡና የመምህርነት ሥራው በአገሩ ስለሚቆዩም የመመለስ ነገር በትምህርቱ ፍጻሜ የሚታሰብ ሳይሆን፣ የትምህርቱ የራሱ ክፍል ነበር።

ስዊድን ለዚህ ሥራ የተስማማች አገር የሆነችበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1686 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሶች የምእመናኑን ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘግቡ ያዝዝ ነበር። ከ1749 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከየአጥቢያው የሚሰበሰበው ቍጥር ለመንግሥት እየቀረበ አገር አቀፍ የሕዝብ ስታቲስቲክስ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን ስዊድን ድሃ የገበሬዎች አገር ነበረች። ከሚወለዱት አምስት ሕፃናት አንዱ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሕፃናት ሞት እጅግ ከቀነሰባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ሆነች። የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲም እነዚያን የቤተ ክርስቲያን መዛግብት ለምርምር እንዲያገለግሉ በኮምፒዩተር ሲያሰባስብ የቆየ ተቋም ነው። ስለዚህ ከቡታጅራ የሄደው ተማሪ በኡሜኦ ያገኘው የበለጸገችውን ስዊድን ብቻ አይደለም። የራሱን ወረዳ የመሰለችውን የቀድሞዋን ስዊድንም በመዝገብ ላይ አገኛት። የሕፃናት ሞት የአንድ ሕዝብ ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን፣ ሊቀነስም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የመመረቂያው ሥርዓትም የሚጠቀስ ነው። በስዊድን በሕክምና ዘርፍ የዶክትሬት ጽሑፍ በአብዛኛው በሳይንሳዊ መጽሔቶች የወጡ ወይም ለመውጣት የተዘጋጁ ጥናቶች ስብስብ ነው። ጥናቶቹን የሚያስተሳስረው ረጅም ሐተታ «ካፓ» ይባላል፤ ትርጉሙም ካባ ማለት ነው። ከክርክሩ ቀን ሳምንታት አስቀድሞ ጽሑፉ ማንም ሊያየው እንዲችል በሰሌዳ ላይ በምስማር ይመታል። በቀኑም ከሌላ ተቋም የተጠራ ምሁር በሕዝብ ፊት ተማሪውን ይሞግታል። እንግዲህ የመስቃን ገበሬ ቤት ጉዳይ በሰሜን ስዊድን አደባባይ በምስማር ተመትቶ፣ ለክርክር ቀርቦ ነበር ማለት ነው።

መዝገቡ ምን ተናገረ

የመዝገቡ ተከታታይ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ከነርሱም ጥቂቱን መጥቀስ ይበቃል። ዶክተር ደስታ ሻሜቦ እ.ኤ.አ. በ1993 በኡሜኦ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የፕሮጀክቱን አመሠራረትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አሟሟት መርምረዋል። የመተንፈሻ አካላት ሕመምና ተቅማጥ ከዋነኞቹ ገዳዮች መካከል ሆነው ተገኙ። ዶክተር ሉሉ ሙሄ በ1994 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የመተንፈሻ አካላት ሕመም በሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንተዋል። እነዚህ በሽታዎች በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊታከሙ፣ አብዛኞቹም በንጹሕ ውሃ፣ በክትባትና በተሻለ አኗኗር ሊቀነሱ የሚችሉ ናቸው።

ዶክተር አታላይ ዓለም በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ በገጠር እምብዛም ያልተጠናውን የአእምሮ ጤንነት የሚመለከት ነበር። በቡታጅራ ወረዳ 10,468 ጎልማሶች ተጠይቀው፣ ከነርሱ መካከል ግማሽ ያህሉ ጫት የሚቅሙ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያም ቀጥሎ በተደረገ ሰፊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። ሆስፒታል ያልደረሰ፣ በቤቱ የተደበቀ ወይም በየመንገዱ የሚንከራተት ሕመምተኛ በዚህ ቆጠራ ከሰው ተራ ገባ።

ዶክተር የማነ ብርሃነ በ2000 እ.ኤ.አ. የገጠር ሴቶችን ጤንነትና የወሊድ ውጤት በመረመሩበት ጽሑፍ ተመርቀዋል። የመዝገቡ የዐሥር ዓመት መረጃም የጎልማሶች ዕድሜ ከጾታቸውና ከማንበብና መጻፍ ችሎታቸው ጋር ያለውን ዝምድና ለመመርመር አገልግሏል። የዓለም የጤና ድርጅት በ10 አገሮች ስለ ሴቶች ጤንነትና ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ባስጠናው ጥናት ኢትዮጵያን የወከለው ቡታጅራ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳመለከተው፣ ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በዕድሜያቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከዚያው ሰው ደርሶባቸዋል። በጥናቱ ከተካተቱት ሥፍራዎች ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነበር። ዶክተር ንጉሤ ዴየሳ ይህንኑ ጥቃት ከሴቶች የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ጋር አያይዘው በመመርመር በ2010 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በኡሜኦ አቅርበዋል።

ዶክተር ምስጋናው ፋንታሁን በ2008 እ.ኤ.አ. ከሕፃንነት እስከ እርጅና ያለውን የሞትና የሕይወት መጠን አጥንተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም ከኡሜኦው ተመራማሪ ከፒተር ባያስና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆነው፣ የቤተ ሰብን ቃል በኮምፒዩተር ተንትኖ የሞትን ምክንያት የሚገምት ዘዴ በቡታጅራ መረጃ ፈትነው ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት አውጥተዋል። ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ የሞት የምስክር ወረቀት በማይሰጥባቸው ብዙ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። የሐዘንተኛዋ እናት ቃል እስከዚህ ድረስ ተጉዟል።

የቀረው ዕዳ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ቃሉ የደረሰበትን ሥፍራ መቁጠር ለእናቲቱ ምን ተመለሰላት ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የተመለሰ ነገር አለ። በአእምሮ ጤና በኩል የተደረገው ጥናት ሕመምተኞችን ለይቶ ብቻ አልተዋቸውም። በቡታጅራ የሠለጠኑ ነርሶች የሚሠሩበት የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ተከፈተ። ሕክምናው አማኑኤል ሆስፒታልን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ አቅም ለሌለው ሰው በአቅራቢያው ተገኘለት። ኋላም በዚያው በጉራጌ አገር፣ በሶዶ ወረዳ፣ የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያዎች የመደበኛ አገልግሎት ውስጥ የማካተት ሥራ ተሞክሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሕዝብ ጤና የራሱን የዶክትሬት ትምህርት ከፍቶ፣ ለዚህ ማዕረግ ኡሜኦ ድረስ መሄድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ዶክተር አታላይ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በማስተማር፣ ዶክተር የማነ በአዲስ አበባ የሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት በማቋቋም የታወቁ ናቸው። ወደ ዓለም አቀፍ አገልግሎት የተሻገሩም አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ስለ አገራቸው ሕፃናት ያወቁትን ይዘው ነው የተሻገሩት።

ያልተመለሰም አለ። ከላይ የተጠቀሱት የዶክትሬት ጽሑፎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ቃሏን የሰጠችው እናት በአማርኛም ሆነ በጉራግኛ ልታነባቸው፣ ሲነበቡላትም ልትሰማቸው አትችልም። በየወሩ ደጃፏ የተንኳኳው ሴት፣ የወረዳዋ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበት ምክንያት ምን እንደሆነ ከማንም በፊት መስማት ይገባት ነበር። የምርምር ገንዘብ ከውጭ ሲመጣ ሪፖርቱ በቅድሚያ የሚጻፈው ገንዘቡን ለሰጠው ነው። ጽሑፉ ለማዕረግ ሲዘጋጅ በቅድሚያ የሚነበበው ማዕረጉን በሚሰጠው ነው። ይህ የማንም ተመራማሪ ክፋት ሳይሆን የአሠራሩ ዝንባሌ ነው። ዝንባሌውን ለማቃናት ግን ከባለሙያው ማኅበር የተሻለ አካል የለም። የጥናት ውጤት ወደ መጽሔት ከመላኩ ጋር አብሮ በቀበሌው ስብሰባ በአገሩ ቋንቋ እንዲነገር የሚያዝዝ የሙያ ልማድ ሊቋቋም ይገባዋል።

የጉራጌ ሰው ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ሲገባ በከተማ ምን ያህል እንደተከበረ ለመንገር ብቻ አይገባም። ለእናቱ የሚሰጠውን በእጁ ይዞ ይገባል። የቡታጅራ መዝገብ ተማሪዎቹን የአገራቸውን ጥያቄ አስይዞ ወደ አውሮፓ ላካቸው፤ በዚህም የውጭ አገር ትምህርት መልክ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አስመሰከረ። መልሱን በሙሉ ወደ ጠያቂዋ ደጃፍ ማድረስ ግን በኡሜኦ ሳይሆን በአገር ቤት የሚፈጸም ሥራ ነው፤ የሙያው ባልደረቦችም ከተመራቂዎቹ ጋር የሚጋሩት ነው።